ክሩዚንግ፦ መኪናው ተርፏል፣ ዙረቱስ?

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የትኛውም የካሊፎርኒያ ከተማ፣ አንድ ሰው መኪናውን ይዞ ጎዳና ላይ ወዲያ ወዲህ ስላለ ሊቀጣው አይችልም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የሕጉን ረቂቅ ያቀረቡት የሳንዲያጎ አካባቢ ተወካዩ ዴቪድ አልቫሬዝ ናቸው። አገረ ገዢው ጋቪን ኒውሰም በኦክቶበር 2023 ፈረሙበት።

ዜናውን ያነበበ ሰው ግር ሊለው ይችላል። መኪና ይዞ መዞር መቼ ወንጀል ሆኖ ያውቃል?

ሆኖ ያውቃል እንጂ! በ1980ዎቹና በ90ዎቹ በርካታ የአሜሪካ ከተሞች ክሩዚንግን፣ ማለትም ለመዝናናት ጎዳና ላይ በመኪና መዞርን፣ የሚከለክል ደንብ አውጥተዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ በ1986፣ ሳክራሜንቶ በ1988፣ ናሽናል ሲቲ በ1992። ከሁሉም የሚገርመኝ የፔንሲልቬንያዋ የዮርክ ከተማ ደንብ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ በአንድ ቦታ ከሁለት ጊዜ በላይ ማለፍ ክልክል ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ ካልክ ጥፋተኛ ነህ። ሲጋራ ረስቼ ነው፣ እህቴን ላደርስ ነው ብትል ሰሚህ ማን ነው? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1990 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሰው በገዛ ከተማው የመዘዋወር መብት እንዳለው ተቀበለ። ደንቡን ግን አጸናው።

ስለ ድሮ መኪና ትዝታ ሲወራ ይህ ክፍል ይዘለላል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ክሮሙ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሞተሩ ድምፅ ነው። ክሩዚንግም «ዘመኑ አልፎበት» በራሱ ጊዜ የሞተ ተደርጎ ይነገራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉን ደግሞ ገደሉት። ዛሬ «ባህሉን እናድን» የሚሉትም በአብዛኛው የሚያድኑት መኪናውን ነው። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ለመቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ዙረቱ እንደዚያ አይቀመጥም።

ነገሩ ሲጀመር በጣም ቀላል ነበር። አርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ነው። መኪና አለህ፤ ከሌለህ የአባትህን ቁልፍ ለምነህ ተቀብለሃል። ጓደኞችህን ትጭናለህ። ዋናውን ጎዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለህ ትነዳለህ፣ ትዞራለህ፣ ትመለሳለህ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሬዲዮው ይጮሃል፣ ክርንህ በሩ ላይ ነው። መብራት ሲይዝህ ከጎንህ ያለውን ታያለህ፣ እሱም ያይሃል። መሃል ላይ ምግቡን እስከ መኪናህ የሚያመጡልህ ድራይቭ ኢን ሬስቶራንት አለ። እዚያ ገባ ብለህ በአንድ ኮካ ሰዓት ትፈጃለህ። መድረሻ የሚባል ነገር የለም።

እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ጎዳና ነበረው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የረቡዕ ማታው ቫን ናይስ ቡሌቫርድ ነው። በምሥራቁ በኩል ደግሞ ዊቲየር ቡሌቫርድ አለ። የካሊፎርኒያዋ ሞዴስቶ ላይ አሥረኛና አሥራ አንደኛ መንገዶች ነበሩ። ዲትሮይት ግን ዉድዋርድ አቬኑ አለላት፤ እሱን የሚያህል የለም። ከወንዙ ዳር ተነስቶ እስከ ፖንቲያክ ከተማ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ1909 በአሜሪካ የመጀመሪያው አንድ ማይል የኮንክሪት አውራ መንገድ የተነጠፈው እዚሁ ላይ ነው። ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ መብራት በየቦታው አለው። ከመብራት እስከ መብራት ለመፈታተን ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

የመኪና ፋብሪካዎቹም ቅርብ ነበሩ። ፖንቲያክ የተባለው የመኪና ኩባንያ በ1964 ጂቲኦ የተባለውን መኪና አወጣ። መለስተኛ በሆነ መኪና ውስጥ ከ6 ሊትር በላይ የሆነ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ከተቱበት። ዲትሮይት አቅራቢያ ባለችው ሮያል ኦክ ውስጥ የነበረው የፖንቲያክ መኪና ሻጭ እነዚህን መኪኖች ይበልጥ አቀጣጥሎ ይሸጥ ነበር። የፋብሪካ ኢንጂነሮችም አዲስ ሥራቸውን ይዘው ሲመሽ ዉድዋርድ ላይ ብቅ ይሉ ነበር። ልጆቹ ፊት ያፈረ ሞተር ለገበያም አይሆንም።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ርካሽነት። በ1962 አንድ ጋሎን ቤንዚን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ፣ በአማካይ 31 ሳንቲም ነበር። የ1932ቱ ቪ8 ፎርድ ከጦርነቱ በኋላ አሮጌ መኪና ነበር፤ የሱቅ ሠራተኛ ልጅ አጠራቅሞ ይገዛዋል። ፓራፋንጎውን ይነቅላል፣ ሞተሩን ይፈታል፣ ይገጥማል። ሲበላሽም የሚያስለቅስ ኪሳራ አልነበረም። ብዙዎቹ መኪኖች የተለያየ ቀለም ያለው በር የተገጠመላቸው ቅራቅንቦዎች ነበሩ። ዛሬ በፎቶ የምናየው እንከን የለሽ ሼቭሮሌት ቤል ኤር ያኔም ብርቅ ነው።

ከዚያ ነገሮች ተደራረቡ። በ1973 የአረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣ። ማደያ ፊት ሰልፍ በተያዘበት ዘመን ነዳጅ ለመዝናናት ማቃጠል አይታሰብም። የገበያ ማዕከሎች ሰውን ከዋናው ጎዳና ወሰዱት። ከዚያ ፖሊስና ደንብ መጡ። ነጋዴው ደንበኛዬ መግቢያ አጣ አለ፤ ነዋሪው እንቅልፍ ነሱኝ አለ። ሐሰት አልነበረም። ጠብም፣ ጠርሙስ መወራወርም፣ አደጋም ነበር። አምቡላንስ ማለፍ እስኪያቅተው የተጨናነቀ ጎዳናን ማንም ከንቲባ ዝም ብሎ አያይም። እኔን የሚከነክነኝ መፍትሔው ነው። ጥፋተኛውን ከመቅጣት ይልቅ መዞሩን ራሱን ወንጀል አደረጉት።

የሚገርመው ደግሞ ትዝታው ቀድሞ መድረሱ ነው። ሞዴስቶ ያደገው ጆርጅ ሉካስ የከተማውን የክሩዚንግ ሌሊት በፊልም ሠራው። «አሜሪካን ግራፊቲ» የወጣው በ1973 ነው፤ ታሪኩ የሚፈጸመው በ1962። መሃላቸው አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው! ሰዎች ሲኒማ ገብተው «ያ ዘመን» እያሉ ሲተክዙ ልጆች ውጭ እየዞሩ ነበር። በዚያ ላይ ቀረጻው ሳን ራፋኤል ከተማ ሲጀመር አቤቱታ ተነሳበትና ፈቃዱ ተሰረዘ። ወደ ፔታሉማ ሄዱ። የተዋናይ ክሩዚንግ እንኳ ተባሯል።

ትዝታው አንድ ሌላ ጉድለት አለበት። ሁሉም ሰው እኩል አልዞረም። ዊቲየር ቡሌቫርድ ላይ የሚዞሩት በአብዛኛው የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ነበሩ። ሎውራይደር የሚባለውን ዓይነት የፈጠሩትም እነሱ ናቸው። ነጮቹ ልጆች መኪናቸውን ለፍጥነት ሲያዘጋጁ እነሱ ወደ መሬት አወረዱት። መፈክራቸው ዝቅ ብሎ በዝግታ ነው። ከመቸኮል ይልቅ መታየት፤ ከሞተር ይልቅ ቀለምና ወንበር።

ካሊፎርኒያም በ1958 ሕግ አወጣባቸው። ከመኪናው አካል ምንም ነገር ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች መውረድ የለበትም ተባለ። ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት መላ ዘየደ። ከአውሮፕላን የተነቀሉ የሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠሩ) ዕቃዎችን ኮርቬት በተባለው መኪናው ላይ ገጠመ። ማብሪያውን ሲጫን መኪናው ዝቅ ይላል፤ ፖሊስ ሲያይ መልሶ ይጫናል፣ መኪናው ሕጋዊ ይሆናል። ይህ የሆነው በ1959 አካባቢ ነው።

ዛሬ የአንድ ሎውራይደር የኋላ ኮፈን ሲከፈት ለሻንጣ ቦታ የለም። የሃይድሮሊክ ፓምፖች ተደርድረዋል፤ ብዙ ጊዜ ክሮም የተነከሩ ናቸው። አጠገባቸው ባትሪዎች አሉ። እያንዳንዳቸው 12 ቮልት ሆነው በተከታታይ ይያያዛሉ፤ አራቱ 48 ቮልት፣ ስድስቱ 72 ይሰጣሉ። ሾፌሩ ጋ በጣት የሚነኩ ማብሪያዎች አሉ። አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ፣ አንዱ ለአንድ ጎማ ብቻ። ጣቱ ሲነካ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል፤ መኪናው በአንድ ትከሻው ይነሳል። ቮልቱ ከበዛ ጎማው መሬት ለቆ ይዘላል። ዋጋ አለው ታዲያ። ይህ ሁሉ ክብደት የተጫነበት ሻንሲ ካልተጠናከረ ይሰነጠቃል፤ የሃይድሮሊክ ቱቦ ከፈነዳም ውስጡ በዘይት ይታጠባል። ሕግ ለመሸወድ የተሠራው ብልሃት ጥበብ ሆኖ ቀረ።

ጂፕሲ ሮዝ የተባለችው የ1964 ሼቭሮሌት ኢምፓላ ከእነዚህ ሁሉ ትታወቃለች። ባለቤቷ ኢምፔሪያልስ የተባለው የሎውራይደር ክለብ ሄሱስ ቫላዴዝ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች በእጅ በተሳሉ ጽጌረዳዎች ተሸፍናለች። በ2017 ዋሽንግተን ተወስዳ ናሽናል ሞል በተባለው አደባባይ ላይ መስታወት ቤት ውስጥ ለሕዝብ ታየች። በዚያን ጊዜ የእሷን ዓይነት መኪና ዝቅ አድርጎ መንዳት ካሊፎርኒያ ውስጥ አሁንም ሕገ ወጥ ነበር። የ2024ቱ ሕግ የመዞር ክልከላውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም የ1958 ድንጋጌ ነው ያነሳው።

ድሉም በቀላሉ አልተገኘም። የሎውራይደር ክለቦች ለዓመታት ምክር ቤት እየተመላለሱ ተከራክረዋል። ሳን ሆዜና ሳክራሜንቶ በ2022 ደንባቸውን ሻሩ፤ ናሽናል ሲቲ በ2023 ተከተለ። ከዚያ በኋላ ነው ግዛቱ በጠቅላላ የወሰነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ባህሉን በተግባር ያቆዩት የተገፉት መሆናቸውን ነው። ክለቡ የቤተሰብ ነው፤ አባት ለልጅ ያወርሰዋል፤ እናቶችና ሕፃናት አብረው ይወጣሉ። ለመዞር ፈቃድ መጠየቅ የለመደ ሰው መዞሩን አይረሳውም።

ዉድዋርድ በሌላ መንገድ ነው የተመለሰው። በ1995 ኔልሰን ሃውስ የተባለ፣ ዲትሮይት አጠገብ ያለችው የፈርንዴል ከተማ የቧንቧ ሠራተኛ ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሐሳብ አመጣ። ለአንድ ቀን የድሮውን ክሩዝ እንመልሰው አለ። ሠላሳና አርባ ሺህ ሰው ቢመጣ ነው ብለው ነበር። 250 ሺህ ሰው ጎረፈ። ዛሬ የዉድዋርድ ድሪም ክሩዝ በየዓመቱ በኦገስት ሦስተኛ ቅዳሜ ይካሄዳል። አዘጋጆቹ አንድ ሚሊዮን ሰውና 40 ሺህ መኪና ይመጣል ይላሉ።

ይህ መቼም ደስ ይላል። ሽማግሌው የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ የነዳውን ዓይነት መኪና ይዞ ሲያልፍ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ማንም አይንቅም። ግን ልብ ብለን እንየው። ሰዉ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ መንገድ ዳር ተቀምጧል። መኪናው ሰልፍ ውስጥ ነው። ክሩዚንግ ሁሉም ተመልካች ሁሉም ተዋናይ የሆነበት ጨዋታ ነበር። እዚህ ግን ትርዒት ሆኗል፤ ተመልካቹ ወዲህ፣ ትርዒቱ ወዲያ።

ለመኪኖቹም አይመችም። የእነዚህ መኪኖች ማራገቢያ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር እሱም ቀስ ይላል። በፍጥነት ሲነዱ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋሱ ነው፤ ሰልፍ ውስጥ ነፋስ የለም። የሙቀት መቁጠሪያው ቀስ እያለ ይወጣል። ከዚያ ቤንዚኑ ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ጋ ሳይደርስ መስመር ላይ ይተናል። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ይንገጫገጫል፣ ይጠፋል። የዛሬው የአሜሪካ ቤንዚን ደግሞ በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ቶሎ ይተናል፣ የድሮውን የጎማ ቱቦም ይበላዋል። ዘይቱም ተለውጧል። የድሮ ካምሻፍትን፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ፣ ከመበላት የሚጠብቀው የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ በዘመናዊ የሞተር ዘይት ውስጥ ተቀንሷል፤ ምክንያቱም ፎስፈረሱ የጭስ ማጣሪያን ያበላሻል። ስለዚህ የድሮ መኪና ያለው ሰው ዘይት ሲገዛ እንኳ የሚጨምረውን ማወቅ አለበት። ይህን የሚያውቁት መካኒኮች እያረጁ ነው። ካርቡራተር ከፍቶ በጆሮው የሚያስተካክል ወጣት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ትልቁ ችግር ግን ዋጋው ነው ባይ ነኝ። ኢንቨስትመንት የሆነ መኪና አይዞርም። በጨረታ ብዙ አሥር ሺህ ዶላር የወጣበትን መኪና ቅዳሜ ማታ ግርግር ውስጥ ማን ይከተዋል? ተጎታች ላይ ተጭኖ ወደ ኤግዚቢሽን ይሄዳል፣ ዋንጫ ይበላል፣ ተጭኖ ይመለሳል። ሽማግሌዎቹ «የዛሬ ልጅ መኪና አይወድም» ብለው ያማርራሉ። በእርግጥ በ1983 ከአሜሪካ የ16 ዓመት ልጆች 46 በመቶው መንጃ ፈቃድ ነበራቸው፤ በ2014 ቁጥሩ ወደ 25 በመቶ ወርዷል። ስልክ አለ፤ ለመተያየት ጎዳና መውጣት የግድ አይደለም። ግን ደግሞ የኢንሹራንሱን ዋጋ፣ የመኪናውን ዋጋ እንይ። ያኔ ሽማግሌው በትርፍ ጊዜ ሥራ የገዛውን መኪና ዛሬ ልጁ በሦስት ዓመት ደመወዝ አይገዛውም። እና ልጁን መውቀስ ምን ይባላል?

ሕጉም ወዲያና ወዲህ እየጎተተ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እስከ 1975 ሞዴል ያሉ መኪኖች ከጭስ ምርመራ ነፃ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖች ግን አይደሉም። የ1980ዎቹን መኪና በመጀመሪያው ዕቃው አስጠግኖ ምርመራ ማሳለፍ ራስ ምታት ነው፤ ዕቃው የለም። በኮሜዲያኑ ጄይ ሌኖ ስም የሚጠራ ረቂቅ 35 ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ነፃ ለማድረግ ሞከረ። በ2025 ሴኔቱን አልፎ በታችኛው ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ውስጥ ቀረ። የአየር ብክለት ያሳሰባቸው ሰዎች ክርክር ውሃ ያነሳል። በዓመት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ መኪናና በየቀኑ ለሚነዳ መኪና አንድ መለኪያ ማድረጉ ግን አይዋጥልኝም።

ሌላው ጣጣ ስም ማበላሸት ነው። መስቀለኛ መንገድ ዘግተው ጎማ የሚያጨሱና ክብ የሚሠሩ ልጆች በየከተማው አሉ። ሰው ሞቶበታል። በዜና ሲነገር ግን ከክሩዚንግ ጋር ይቀላቀላል። አንዱ መንገድ ዘግቶ ይጮሃል፤ ሌላው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሰላም ይላል።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? እኔ ከግዙፉ ዓመታዊ በዓል ይልቅ በየሳምንቱ በሚደረገው ትንሽ ነገር አምናለሁ። በካሊፎርኒያዋ በርባንክ ያለው ቦብስ ቢግ ቦይ ሬስቶራንት በ1949 የተሠራ ነው፤ አርብ ማታ ማንም መኪናውን ይዞ መጥቶ ያቆማል። እዚያው ካሊፎርኒያ ያለችው የኤስኮንዲዶ ከተማም ከ2000 ጀምሮ በሞቃቱ ወራት በየአርቡ ዋናውን ጎዳና ለድሮ መኪኖች ትለቃለች። ሳምንታዊ ሲሆን ዋንጫም ዳኛም አያስፈልግም። ዛሬ ሞተሩ እንቢ ካለ የሚቀጥለው አርብ አለ።

ስዊድን ደግሞ ሌላ ነገር ታሳያለች። እዚያ ራጋሬ የሚባሉ የአሜሪካ መኪና ወዳዶች ከ1950ዎቹ ጀምሮ አሉ። ይበልጥ የሚያስቀናው ግን ኤ-ትራክተር የሚባለው ነው። የቆየ መኪና ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ ይደረጋል፤ የ15 ዓመት ልጅ ይነዳዋል። ገጠር ውስጥ ልጆች ሙዚቃ ከፍተው በእሱ ይዞራሉ። ጎረቤት ይነጫነጫል፣ ፖሊስ ያስቆማል፣ መንግሥት ደንቡን ያጠብቃል። ልክ እንደ ድሮዋ ሞዴስቶ። ማንም ስለ ትዝታ አላወራላቸውም፤ ርካሽ መኪና አገኙ፣ ወጡ።

አሜሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ሽማግሌዎቹ አላዩትም እንጂ። ከውጭ የሚገባ መኪና 25 ዓመት ከሞላው ከፌዴራሉ የደኅንነት መስፈርት ነፃ ይሆናል። በዚህ ቀዳዳ በ1990ዎቹ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች እየገቡ ነው። የ1999ኙ ኒሳን ስካይላይን በ2024 ተፈቀደ። እሱ እንኳ ውድ ነው። የዚያኑ ዘመን ሆንዳ ሲቪክ ግን ልጆች ራሳቸው ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል። ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ላይ ተሰብስበው ኮፈን ከፍተው ያወራሉ። በ1955 አሮጌ ፎርድ የሚፈታታው ልጅ ከዚህ በምን ይለያል? ግን ብዙ የክላሲክ መኪና ዝግጅቶች በራፋቸው ላይ የሞዴል ዓመት ገደብ ለጥፈዋል፤ ከ1972 ወዲህ አይገባም፣ ከ1975 ወዲህ አይገባም እያሉ። ገደቡን ያወጣው ሰው የራሱ መኪና ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ አሮጌ እንደነበር ዘንግቶታል። ባለ ሲቪኩን ልጅ ከበር የሚመልስ ክለብ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ መኪኖቹን የሚገዛ ሰው እንጂ የሚያዞራቸው አያገኝም።